በስሌይት ጣሪያ ላይ «መደረቢያ» ምንድን ነው?

ስሌይት በስሱ እየተሰነጠቀ ለጣሪያ ክዳን የሚውል ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ስለ ስሌይት ጣሪያ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ደጋግመው የሚስቱት አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «መደረቢያ» ነው። በቅርቡ ጽሑፉን ያነበብሁት አንድ አስተያየት ሰጪ የድንጋዮቹ መደረቢያ 8 ሳንቲሜትር ገደማ መሆን እንዳለበት በትክክል ከጠቀሰ በኋላ፣ ርዝመቱ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ድንጋይ 42 ሳንቲሜትር ጣሪያ ይሸፍናል ብሎ አሰላ፤ ከዚያም የዚህን እጥፍ ድንጋይ የሚያዝዙ ባለሙያዎች የቤት ባለቤቱን ገንዘብ ያባክናሉ ሲል ወቀሰ። የጠቀሰው ቁጥር ልክ ነው፤ ቁጥሩ ምንን እንደሚለካ ግን አልተረዳም። በዚህ አረዳድ የተሠራ ጣሪያ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ያፈስሳል፤ እንዲህ ያለ ጣሪያ ከፍቼ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ስላልሆነ ነገሩን ከመሠረቱ ላስረዳ።

መደረቢያ ማለት አንድ ድንጋይ ከበታቹ ካለው ረድፍ ጋር የሚደራረብበት ልክ አይደለም። ከጣሪያው ክፈፍ፣ ማለትም ከታችኛው ጠርዙ፣ ጀምረን ወደ ላይ ስንቆጥር፣ የሦስተኛው ረድፍ ድንጋይ ግርጌ የመጀመሪያውን ረድፍ ድንጋይ ራስ የሚሸፍንበት ልክ ነው። «ራስ» የምንለው ወደ ጣሪያው አናት የዞረውንና የተሸሸገውን የድንጋዩን ጫፍ፣ «ግርጌ» የምንለው ደግሞ ከታች ሆነን የምናየውን ጫፍ ነው። ድንጋዩ 50፣ መደረቢያው 8 ሳንቲሜትር ከሆነ በመጀመሪያ ከ50 ላይ 8 ይቀነሳል፤ የቀረው 42 ለሁለት ይካፈላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ለዓይን የሚታየው 21 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ያለው 21 ሳንቲሜትር በአንድ ድንጋይ ተሸፍኗል፤ የመጨረሻው 8 ሳንቲሜትር ደግሞ በሁለት ድንጋዮች ሥር ተቀብሯል። ተከታታይ የሆኑት ሁለት ረድፎች የሚደራረቡበትን ልክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው 21ን ከ50 ቀንሶ 29 ያገኛል እንጂ 8 አያገኝም።

ይህን ሁሉ ድንጋይ የሚያስፈልገው ምክንያት ያለው በጎን በኩል ነው። አስተያየት ሰጪው ጣሪያውን ከአናቱ ወደ ክፈፉ በሚወርድ አንድ መስመር ብቻ ተመለከተው፤ በአንድ ረድፍ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡት ድንጋዮች ግን እርስ በርሳቸው አይደራረቡም። በመካከላቸው ምንም የማይደፍነው ጠባብ መጋጠሚያ አለ፤ ዝናብም በዚያ መጋጠሚያ ይገባል። መግባቱ የሥራ ጉድለት አይደለም፤ ጣሪያው የተነደፈው ውሃው እንደሚገባ ታውቆ ነው። የገባው ውሃ ከበታች ባለው ረድፍ ድንጋይ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ በዚያም ላይ ወርዶ ከግርጌው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ከላይ እንደ ወረደው ውሃ ሁሉ መንገዱን ወደ አሸንዳው ይቀጥላል።

አሁን የአስተያየት ሰጪውን አሠራር በወረቀት ላይ እንሳለው። ረድፎቹ በየ42 ሳንቲሜትሩ ቢነሡ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ከ0 እስከ 50፣ ሁለተኛው ከ42 እስከ 92፣ ሦስተኛው ከ84 ጀምሮ ይይዛል። በሁለተኛው ረድፍ ውስጥ ባለው መጋጠሚያ የሚገባውን ውሃ የሚቀበለው የመጀመሪያው ረድፍ ድንጋይ 50 ላይ ያልቃል፤ መጋጠሚያውን ከላይ የሚሸፍነው ሦስተኛው ረድፍ ደግሞ የሚጀምረው 84 ላይ ነው። ከ50 እስከ 84 ያለው 34 ሳንቲሜትር መጋጠሚያ ከላይም ከታችም ድንጋይ የለውም፤ ውሃው ከዚያ በቀጥታ ወደ ማገሩና ወደ ኮርኒሱ ይወርዳል። ይህም በእያንዳንዱ ረድፍ፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ይደጋገማል።

በትክክለኛው አሠራር ረድፎቹ የሚነሡት በየ21 ሳንቲሜትሩ ነው። የሁለተኛው ረድፍ መጋጠሚያ ለዝናብ የተጋለጠው ከ21 እስከ 42 ባለው ስፍራ ብቻ ነው፤ ከ42 ጀምሮ ሦስተኛው ረድፍ ይከድነዋል። ከመጋጠሚያው በታች ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ድንጋይ ግን እስከ 50 ይዘልቃል። ስለዚህ በመጋጠሚያው የላይኛ ጫፍ የገባ ውሃ ወደ ቤት ለመግባት 8 ሳንቲሜትር ወደ ላይ፣ ቁልቁለቱን ተቃውሞ መውጣት አለበት። መደረቢያ የምንለው ይህን ርቀት ነው፤ ውሃ ሽቅብ ካልተጓዘ በቀር ወደ ውስጥ የማይደርስበት ርቀት። ይህን የተረዳ ሰው ስለ ስሌይት ጣሪያ ሌላውን ሁሉ ከዚሁ ተነሥቶ ሊያስበው ይችላል።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የወፍ ላባን ምሳሌ እሰጣቸዋለሁ። የወፍ ጀርባ አንድ ወጥ ቆዳ ለብሶ ዝናብን አይከላከልም፤ ላባዎቹ በረድፍ ተደርድረው፣ የአንዱ ረድፍ ላባ በታችኛው ረድፍ ሁለት ላባዎች መካከል ላይ ያርፋል፤ በሁለት ላባዎች መካከል የገባ ውሃም ከሥር ባለው ሦስተኛ ላባ ጀርባ ላይ ይንሸራተታል። የላባው ሥር በቆዳው ውስጥ የተተከለው በሌሎች ላባዎች ተሸፍኖ ነው፤ የስሌይት ምስማርም እንዲሁ ከላይኛው ረድፍ በታች ተሸሽጎ ይመታል። አንድ ላባ ሲወልቅ ወፏ በምትኩ አንድ ላባ ታበቅላለች እንጂ ሌሎቹን አትጥልም፤ ጣሪያውም ድንጋይ በድንጋይ ይታደሳል። የወፍ ላባ በሙጫ ቢጣበቅ ሙቀት መጠበቅም መድረቅም ይሳናታል፤ ይህ ወደ ኋላ ስለ ማሸጊያ ስናነሣ ይጠቅመናል። ምሳሌው የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ ብዙ ወፎች ላባቸውን ከራሳቸው ገላ በሚወጣ ቅባት ያለሰልሱታል፤ ስሌይት ግን ምንም ቅባት አይፈልግም፤ ድንጋዩን ለማደስ በሚል የሚሸጥ ዘይትና ቀለም ለመደረቢያው አንድ ሚሊሜትር አይጨምርለትም።

የተሳሳተው አረዳድ ከየት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም። የቆርቆሮ ክዳን ጎንና ጎኑ በሞገዱ ላይ ይደራረባል፤ ብዙ የሸክላ ክዳን ዓይነቶችም በጎናቸው ውሃ የሚይዝ ቦይ ተቀርጾላቸዋል። በእነዚህ ላይ የጎን መጋጠሚያው በራሱ ስለ ተዘጋ፣ ረድፍ ከረድፍ በጥቂቱ ቢደራረብ ይበቃል፤ የአስተያየት ሰጪውም ስሌት ለእነርሱ ይሠራል። ስሌይት ግን ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ቦይ የለውም። አንዳንድ አምራቾች በየመጋጠሚያው ሥር ውሃ የማያስገባ ቁራጭ አንጥፈው ድንጋዩን የሚቀንሱ አሠራሮችን እንደሚያቀርቡ አውቃለሁ፤ በእነዚያ ጣሪያዎች ላይ ዝናቡን የሚመልሰው ቁራጩ ስለሆነ፣ የጣሪያው ዕድሜ የሚለካው በድንጋዩ ዕድሜ ሳይሆን በዚያ ቁራጭ ዕድሜ መሆኑን ገዢው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

መደረቢያው ምን ያህል ይሁን የሚለውን የሚወስነው በዋነኛነት የጣሪያው ቁልቁለት ነው። ውሃ በሁለት ድንጋዮች መካከል ባለ ጠባብ ክፍተት ውስጥ በራሱ ኃይል ሽቅብ ይሳባል፤ ነፋስም ይገፋዋል፤ ጣሪያው በተኛ መጠን ይህ ጉዞ ይቀልለታል። በአሜሪካ በተለመደው አሠራር፣ ለ12 ሜትር አግድም ርቀት ከ8 እስከ 20 ሜትር ለሚነሣ ጣሪያ መደረቢያው 7.5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከ4 እስከ 8 ሜትር ለሚነሣው ወደ 10 ሳንቲሜትር ያድጋል፤ ከ20 በላይ ለሚነሣው ቀጥ ያለ ገጽ 5 ሳንቲሜትር ይበቃል። ከ4 በታች ለሚነሣ ጣሪያ ስሌይትን አልመክርም፤ እንዲህ ባለ ጣሪያ ላይ ስሌይቱ ጌጥ ይሆናል እንጂ ክዳን አይሆንም። በብሪታንያ ደግሞ ነፋስ የሚገፋው ዝናብ የበረታበት አካባቢና የድንጋዩ ስፋት ጭምር በስሌቱ ውስጥ ይገባሉ።

ስፋቱ የሚቆጠረው በመጋጠሚያው የገባ ውሃ ከሥር ባለው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ በቀጭን መስመር ስለማይወርድ ነው፤ ወደ ሁለቱም ጎን እንደ ማራገቢያ እየተዘረጋ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱ ሲቀንስ ደግሞ ይበልጥ ይዘረጋል። ድንጋዩ ጠባብ ከሆነ ይህ ውሃ የምስማሩን ቀዳዳ ወይም የሚቀጥለውን መጋጠሚያ ያገኛል። ስለዚህ የአንዱ ረድፍ መጋጠሚያ ከሥሩ ካለው ረድፍ መጋጠሚያ ቢያንስ 7.5 ሳንቲሜትር ወደ ጎን መራቅ አለበት፤ ከሁሉ የሚሻለው በታችኛው ድንጋይ መካከል ላይ ማረፉ ነው። ስፋታቸው የተለያየ ድንጋዮች በአንድ ረድፍ ሲቀላቀሉ በመጀመሪያ የሚረሳው ይህ ልክ ነው።

ሌላው ስሕተት መደረቢያውን በመቶኛ ማሰብ ነው። በብሪታንያ የድንጋይ መጠኖች የመሳፍንት ሴቶች ማዕረግ ተሰጥቷቸው ነበር፤ «ዱቼስ» 61 በ30.5፣ «ካውንተስ» 51 በ25.5፣ «ሌዲ» 40.5 በ20 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ዱቼስን ትቶ ሌዲን የመረጠ ሰው መደረቢያውን በዚያው ልክ ሊያሳጥር አይችልም፤ ውሃው ስለ ድንጋዩ ርዝመት አያውቅምና። በ8 ሳንቲሜትር መደረቢያ የዱቼስ 26.5፣ የሌዲ ደግሞ 16 ሳንቲሜትር ብቻ ይታያል። አጭር ድንጋይ በነጠላ ዋጋው ቢረክስም፣ ረድፉም ማገሩም ምስማሩም ስለሚበዛ በካሬ ሜትር ሲሰላ ርካሽ ላይሆን ይችላል።

ክብደቱንም የሚወስነው ይኸው ስሌት ነው። 50 በ25 ሳንቲሜትር የሆነና 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ 2.1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በትክክለኛው አሠራር ለአንድ ካሬ ሜትር 19 ድንጋይ ስለሚያስፈልግ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ በአስተያየት ሰጪው ስሌት ግን ድንጋዩ 9.5፣ ክብደቱም 20 ኪሎ ግራም ብቻ ይሆናል። ወራጆቹ በዚህ በተሳሳተ ቁጥር ተሠርተው፣ ኋላ ድንጋዩ በትክክል ከተነጠፈባቸው ሁለት እጥፍ ጭነት ይሸከማሉ። ቀላል ክዳን የነበረውን ቤት ወደ ስሌይት ለመቀየር የሚያስብ ሰው ከድንጋዩ በፊት የመዋቅር መሐንዲስ ማማከር አለበት።

ስለ ድንጋዩ ጥራት ጥቂት ልበል፤ ጥሩ መደረቢያ መጥፎ ድንጋይን አያድንም። እውነተኛ ስሌይት በመሬት ውስጥ በብርቱ ግፊት የተለወጠ የሸክላ ደለል ነው፤ የሚሰነጠቀውም ደለሉ በተነጠፈበት አቅጣጫ ሳይሆን ግፊቱ በፈጠረው አቅጣጫ ነው። በደለሉ አቅጣጫ የሚሰነጠቁ ሌሎች ድንጋዮች ስሌይት ተብለው ሲሸጡ አይቻለሁ፤ እነርሱ ውሃ ጠጥተው ቅጠል በቅጠል ይላቀቃሉ። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 12326 ለውሃ መምጠጥ 0.6 በመቶን እንደ መለያ ድንበር ይይዛል። የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ሲ406 ደግሞ ድንጋዩን በሚጠበቅ አገልግሎት ይመድባል፤ ኤስ1 ከ75 ዓመት በላይ፣ ኤስ2 ከ40 እስከ 75፣ ኤስ3 ከ20 እስከ 40 ዓመት። «ስሌይት መቶ ዓመት ይኖራል» የሚለው አባባል ለአንዳንዱ ድንጋይ ያንሳል፤ ለሌላው ደግሞ ፈጽሞ አይደርስበትም። ድንጋዩን በጣት አንጓ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ መልካም ነው፤ የታፈነ ድምፅ ስንጥቅን ወይም መላላትን ያመለክታል። በአሮጌ ድንጋይ ጀርባ ላይ የሚታይ ነጭ ዱቄት ብዙውን ጊዜ በድንጋዩ ውስጥ ካሉ ማዕድናት የተፈጠረ ጂፕሰም ነው፤ ይህም በተለይ በተሸሸገው ክፍል፣ እርጥበት በሚቆይበት በመደረቢያው ውስጥ ድንጋዩን ይበላዋል። የቀለም መለወጥ ግን ብቻውን የእርጅና ምልክት አይደለም፤ በአሜሪካ ካለችው ከቬርሞንት ግዛት የሚወጡ አንዳንድ አረንጓዴ ስሌይቶች ጥንካሬያቸው ሳይቀንስ ወደ ቡናማ ይለወጣሉ።

ምስማሩ ከድንጋዩ ጋር በዕድሜ መመጣጠን አለበት፤ ለዚህም የመዳብ ምስማር ይመረጣል። ምስማሩ ድንጋዩን አጥብቆ መያዝ የለበትም፤ ድንጋዩ በምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ በነፃነት ማረፍ አለበት። ጠብቆ የተመታ ምስማር ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፤ ሳይመታ ብቅ ብሎ የቀረ ምስማር ደግሞ ከላዩ የሚያርፈውን ድንጋይ ይሰብረዋል።

አሁን ወደ ማሸጊያው ልመለስ። ጣሪያው ሲያፈስስ የድንጋዮቹን ግርጌ በሬንጅ ወይም በሲሊኮን መድፈን የሚመክሩ አሉ። ምክሩ የሚመነጨው ከዚያው ከመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ውሃ ወደ መደረቢያው ፈጽሞ እንደማይገባ ከማሰብ። ውሃው ግን በመጋጠሚያው መግባቱን ይቀጥላል፤ ይወጣበት የነበረው ግርጌ ተዘግቶ ይጠብቀዋል፤ በድንጋዮቹ መካከል ተጠራቅሞ ከኋላው በሚመጣው እየተገፋ ሽቅብ ይወጣል፤ ማገሩም ሳይደርቅ ይበሰብሳል። ከውስጥ በኩል የሚነፋው አረፋ ደግሞ አየር እንዳይዘዋወር ያደርጋል፤ ድንጋዮቹንም አንድ ላይ ስለሚያጣብቅ ደህነኞቹን እንኳ አንሥቶ ዳግም መጠቀም አይቻልም። በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብም እንዲሁ ጎጂ ነው፤ 8 ሳንቲሜትሩ የተሰላው ዝናብና ነፋስ ለሚያደርሱት ግፊት እንጂ ለማሽን ግፊት አይደለም። በመጋጠሚያዎች ውስጥ የበቀለ የድንጋይ ሽበት ውሃ ስለሚይዝ በእጅና በእንጨት መፋቂያ በቀስታ መነሣት አለበት። በጣሪያው አናት አጠገብ የሚደረግ የመዳብ ወይም የዚንክ ላሜራም፣ በዝናብ እየታጠበ የሚወርደው ማዕድን ሽበቱን ስለሚያዳክም፣ ዳግም እንዳይበቅል ይረዳል።

በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ከከባድ ማዕበልም በኋላ፣ ከመሬት ሆኖ ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር መመልከት ይበቃል፤ በድንጋዮቹ ላይ መራመድ ሊጠግኑት ከሚወጡት በላይ ይሰብራል። ባለሙያ ሲወጣ ክብደቱን በሚያከፋፍል የጣሪያ መሰላል ላይ መሆን አለበት። በመጀመሪያ መመርመር ያለባቸው ሁለት ገጾች የሚገናኙባቸው ጎድጓዳ መስመሮችና በጭስ መውጫው ዙሪያ ያሉ ላሜራዎች ናቸው፤ ድንጋዩ ጤነኛ ሆኖ ጣሪያው ሲያፈስስ አብዛኛውን ጊዜ የተበላው ላሜራው ነው። አንድ ድንጋይ ሲሰበር ምስማሮቹ በቀጭን መንቀያ ከሥር ተቆርጠው ይወጣሉ፤ አዲሱ ድንጋይ ከታች ወደ ላይ ይገባል፤ ግርጌውም በመጋጠሚያ ውስጥ በተመታ መንጠቆ ይያዛል። የመንጠቆው ርዝመት የሚመረጠው በመደረቢያው ልክ ነው፤ መደረቢያ ምን እንደሆነ የማያውቅ ጠጋኝ መንጠቆውንም አያውቀውም። ድንጋይ በማሽን ሲቆረጥ የሚወጣው የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ ጭንብል ግዴታ ነው፤ ስሌይት የሚመስሉ አሮጌ የሲሚንቶ ክዳኖች ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል ሳይመረመሩ አይቆረጡም።

የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ለታሪካዊ ሕንፃዎች ባወጣው መመሪያ፣ ከአንድ የጣሪያ ገጽ ድንጋዮች 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከተሰበሩ፣ ከጠፉ ወይም ከተንሸራተቱ ገጹን እንዳለ መተካት ብዙውን ጊዜ ከመጠገን ይረክሳል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን «ጣሪያው አርጅቷልና ሁሉም ይነሣ» የሚል ሰው ማስረጃውን ማሳየት አለበት።

ያለውን ጣሪያ መደረቢያ ለማወቅ ድንጋዮቹን ማንሣት አያስፈልግም። ከወደቀ ወይም ከተተካ ሙሉ ድንጋይ ርዝመቱን መለካት፣ በመሰላል ከክፈፉ አጠገብ፣ ከመጀመሪያዎቹ ረድፎች ከፍ ብሎ፣ የሚታየውን ክፍል መለካት፣ ከዚያም የሚታየውን እጥፍ አድርጎ ከርዝመቱ መቀነስ ነው። ድንጋዩ 50፣ የሚታየው 21 ከሆነ 8 ሳንቲሜትር ቀርቷል፤ የሚታየው 23 ከሆነ ግን የቀረው 4 ብቻ ነው። የሁለቱ ጣሪያዎች ልዩነት ከመሬት ሆኖ በዓይን አይለይም። ለ12 ሜትር 8 ሜትር በሚነሣ ጣሪያ ላይ 4 ሳንቲሜትር ያገኘ ባለቤት፣ ድንጋዩ የቱንም ያህል ምርጥ ቢሆን፣ ነፋስ ባለበት ዝናብ ውሃ ሊገባበት ይችላል፤ መፍትሔውም ድንጋዮቹን አንሥቶ፣ ማገሮቹን በ21 ሳንቲሜትር ርቀት እንደገና መትቶ፣ የጎደለውን ድንጋይ ጨምሮ መልሶ ማንጠፍ ብቻ ነው።